በ1966ቱ አብዮት የደሴ ድርሻ ምን ነበር? ያየ ሰው ካለ ይንገረን

የለገጣፎው ሹፌር፦

ጤና ይስጥልን። የምኖረው ለገጣፎ ነው፣ ከደሴ መንገድ ዳር። ሥራዬ አይሱዙ መንዳት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ኮምቦልቻና ደሴ ነው የምመላለሰው። ልጄ አሥራ አንደኛ ክፍል ናት። ስለ 1966ቱ አብዮት ጽፋችሁ ኑ ተብለዋል። የያዘችውን ደብተር አገላብጬ አየሁት። ነገሌ ቦረና አለ፣ ደብረ ዘይት አለ፣ አስመራ አለ፤ አዲስ አበባማ ሞልቷል። ደሴ ግን የተነሳችው ከረሃቡ ጋር ብቻ ነው፣ እሱም በአንድ መስመር።

ባለፈው ለቅሶ ቤት ተቀምጠን አንድ የእድራችን ሽማግሌ ሌላ ነገር ተናገሩ። «አብዮቱን ወታደር ጨረሰው እንጂ የጀመረው ደሴ ነው፤ ያውም ተማሪ ቤት ውስጥ» አሉ። በ1965 የወሎ ረሃብተኛ በዚሁ በእኛ መንገድ በእግሩ ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ ማየታቸውንም ነገሩን። ይሄን መንገድ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። ጣርማ በር ላይ ጭጋግ ሲወርድ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ሆድ ይዤ እንኳን ይከብደኛል። ሰው በባዶ ሆዱ ልጅ አዝሎ አራት መቶ ኪሎ ሜትር መጣ ሲባል አልዋጥልህ አለኝ።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። እውነት ደሴ ውስጥ የተጀመረ ነገር ነበር? ከነበረስ ለምን ደሴ? ወደብ የላት፣ ቤተ መንግሥት አጠገቧ የለ፣ ጦሳ ተራራ ሥር የተቀመጠች ከተማ ናት። ያያችሁ ካላችሁ ያያችሁትን ጻፉልኝ። ከመጽሐፍማ ልጄ ራሷ ትገለብጣለች።

የሰበታው ተማሪ፦

ወንድሜ፣ እኔ በዓይኔ ያየሁት የለም፤ ዕድሜዬም አይፈቅድም። ታሪክ ስለተማርኩ ግን ቀኑ እንዳይምታታባት ልርዳት።

ጥር 4, 1966 ነገሌ ቦረና ያለው የ4ኛ ብርጌድ ወታደር አመጸ። ነገሩ የምግብና የውሃ ነው። የወታደሩ የውሃ ፓምፕ ተበላሸ። መኮንኖቹ ደግሞ ከእኛ ውሃ አትቀዱም አሉ። ጉዳዩን እንዲያዩ የተላኩትን የምድር ጦር አዛዥ ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ወታደሮቹ ያዟቸው፤ ራሳቸው የሚበሉትን አበሏቸው፣ የሚጠጡትንም አጠጧቸው። በየካቲት ደብረ ዘይት አየር ኃይሉ ቀጠለ፣ ከዚያ አስመራ 2ኛ ክፍለ ጦር። የካቲት 11 መምህራንና ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ። በዚያው ወር የጠቅላይ ሚኒስትሩ የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ወረደና እንዳልካቸው መኮንን ተሾሙ። ሰኔ 21 ደርግ ተቋቋመ። መስከረም 2, 1967 ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ።

ስለዚህ ሽማግሌው «የጀመረው ደሴ ነው» ያሉት በቀን አይገጥምም። ክብራቸው እንደተጠበቀ ሆኖ።

የሆጤ ልጅ፦

ልጄ፣ ጥያቄህን አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። ተወልጄ ያደግሁት ደሴ፣ ሆጤ ነው። የተማርኩት እዚያው ወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት ነው። ዕድሜዬን ሙሉ አስተማሪ ሆኜ፣ አሁን ጡረታ ወጥቼ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። ጎረቤትህ ነኝ ማለት ነው።

የሰበታው ልጅ ያስቀመጠው ቀን ትክክል ነው። ወታደሩ የተነሳው ጥር ላይ ነው። ግን አንድ ነገር ጠይቁ። ነገሌ ላይ የተበላሸ የውሃ ፓምፕ እንዴት አድርጎ መንግሥት ይገለብጣል? ወታደር ከዚያ በፊትም አምጾ ያውቃል፤ በ1953 ክቡር ዘበኛ ተነስቶ አገሩ አብሮት አልተነሳም። በ1966 ግን ታክሲ ነጂውም፣ አስተማሪውም፣ ሠራተኛውም አብሮ ወጣ። ሕዝቡ መንግሥቱን ቀድሞ በልቡ አውርዶት ነበር። በልቡ ያወረደው በ1965 ነው፣ ያወረደውም ወሎ ላይ ባየው ነገር ነው። እኔ የማምነው ይሄን ነው።

እናቴ ጓዳዋን ለተማሪ ታከራይ ነበር። ያኔ ወይዘሮ ስኂን ለመማር ልጆች ከየአውራጃው ይመጣሉ፤ ከሳይንት፣ ከዋድላ ደላንታ፣ ከላስታ፣ ከየጁ፣ ከራያ። እኛ ጋ አራት ወንዶች ነበሩ። ሁለት ፍራሽ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ አምፖል። ስንቃቸው በአህያ ወይም በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ከአገራቸው ይላክላቸዋል። በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በጨርቅ የተቋጠረ በርበሬ። ስንቅ የመጣ ዕለት ለእኛም ይደርሰናል፤ እናቴ ደግሞ በምላሹ እሁድ እሁድ ወጥ ትሰጣቸዋለች።

በ1965 መጀመሪያ የራያው ልጅ ስንቅ አነሰ። ቀጥሎ በሶው ቀርቶ ጥቂት ሽምብራ ብቻ መጣ። ጥር አካባቢ ጭራሽ ጠፋ። ትንሽ ቆይቶ የየጁውም ቀረ። በሬዲዮም በጋዜጣም ረሃብ የሚባል ነገር የለም። እኛ ግን ከስንቁ አወቅን። እስቲ አስበው፤ በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ከመላው ወሎ የመጣ ልጅ አለ። የየትኛው አገር ስንቅ መቼ እንደቀረ ክፍል ውስጥ ዞረህ ብትጠይቅ፣ ረሃቡ የት ደርሶ የት እንደቀረው ታውቃለህ። ያን መረጃ ሚኒስትሮቹ ፈልገው ቢሆን ኖሮ አንድ ቀን አይፈጅባቸውም ነበር።

ከዚያ ሰዎቹ ራሳቸው መጡ። በሰሜን በኩል ባለው መንገድ፣ ከራያና ቆቦ፣ ከየጁ። ከቆላው ደግሞ አፋሮች። የአዋሽ ግጦሻቸው ለጥጥ እርሻ ሄዶ ነበርና ድርቁ ሲመጣ ከብቱን የሚወስዱበት ቦታ አልነበራቸውም። መንገድ ዳር ቆመው አውቶቡስ ያስቆማሉ። ገንዘብ አይለምኑም፤ የሚበላ ነው የሚሉት። የትምህርት ቤታችን አጥር ሥር አንዲት እናት ከልጇ ጋር ተቀምጣ ነበር። ጭብጦዬን ሰጠኋት። ቆርሳ መጀመሪያ በምራቋ አራሰችው፣ ከዚያ ለልጁ አጎረሰችው። ልጁ ማላመጥ አልቻለም። እዚያው ቆሜ ቀረሁ። የዚያን ቀን የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሒሳብ ነበር፤ አስተማሪው አርፍጄ ስገባ ምንም አላሉኝም፣ እሳቸውም በዚያው በር ነው የገቡት።

አሁን የምነግርህን ደግሞ አንተ በሥራህ ይገባሃል። ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ላይ እህል ነበር። ሰው በረሃብ እየሞተ ገበያው ባዶ አልነበረም። በኋላ የኢኮኖሚ ምሁራን መዝገቡን ሲያጠኑት የደሴ የእህል ዋጋ በ1965 ከወትሮው ብዙም እንዳልራቀ አገኙ። ገበሬው ያመረተውም የሚሸጠውም ስላልነበረው እህል መግዣ ገንዘብ አልነበረውም። የማይገዛ ሰው ደግሞ ዋጋ አያስወድድም። እህሉ ከወሎ እየተጫነ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይወጣ ነበር። ጫኝና አውራጁ ጆንያ ተሸክሞ ሲሮጥ፣ ከጎኑ ሰው ወድቆ ታያለህ። የጭነት መኪናው ሐረጎን እየወረደ ወደ ኮምቦልቻ ሲሄድ የተራበው ሰው ደግሞ በዚያው መንገድ ዳር ይሄዳል። አንድ መንገድ ላይ ነው ሁለቱም። ተማሪውን ያናደደው ድርቁ አይደለም፤ ዝናብ የእግዜር ነው። ያናደደው ያ መኪና ነው።

እዚህ ላይ ዋለልኝ መኮንን ይመጣል። ወሎ ተወልዶ እኛው ትምህርት ቤት የተማረ ነው። ኅዳር 1962 በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መጽሔት ላይ ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ የጻፈውን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ዛሬም ሰው ይጣላበታል። ለእኛ ግን በዚያን ጊዜ ከእኛው ወንበር ተነስቶ የሄደ ታላቅ ወንድም ነበር። ኅዳር 29, 1965 አውሮፕላን ለመጥለፍ ሲሞክሩ እሱና ጓደኞቹ እዚያው አየር ላይ ተገደሉ። ወሬው ደሴ የደረሰው ስንቁ መቅረት በጀመረበት ሰሞን ነው። ሐዘኑና ረሃቡ ተደራረበ። ጓዳችን ውስጥ ማታ ማታ ድምፅ ቀንሰው የሚያወሩት ስለ ፈተና መሆኑ ቀረ። በእጅ ነበር የሚጽፉት። ካርቦን ከሥር ይደረጋል፣ አራት ወረቀት ይደራረባል፤ አራተኛው የሚነበበው በግድ ነው። አራተኛውን በእስክሪብቶ ማድመቅ የእኔ ሥራ ነበር። በቀሚሴ ሥር ይዤ ትምህርት ቤት የማስገባውም እኔ ነኝ፤ ሴት ልጅ አይፈትሹም ነበር።

በዚያው ዓመት ከአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ መምህራን መጥተው ፎቶ አንስተው ሄዱ፤ ዩኒቨርሲቲው ውስጥም ለሕዝብ አሳዩት። ጥቅምት 1966 ደግሞ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በቴሌቪዥን ለዓለም አሳየው። የሞተው ሰው ግምት ከ40 ሺህ እስከ 200 ሺህ ይደርሳል። ያንኑ ፊልም መስከረም 1, 1967 ማታ፣ ንጉሡ ሊወርዱ አንድ ሌሊት ሲቀራቸው፣ ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር እያቀላቀሉ ለአገሩ ሰው አሳዩት። ለማውረጃ የመረጡት ምስል የወሎ ምስል ነው። ሽማግሌው «የጀመረው ደሴ ነው» ያሉት በዚህ ነው ብዬ እገምታለሁ። እኔም እደግፋቸዋለሁ።

ስለ የካቲት 1966 አንድ ነገር ልጨምር። የመምህራኑ አድማ የደመወዝ ብቻ አልነበረም። «ሴክተር ሪቪው» የሚባል የትምህርት ዕቅድ ወጥቶ ነበር። ብዙኃኑ ልጅ መሠረታዊውን አራት ዓመት ተምሮ እንዲበቃው የሚያደርግ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚያልፈው ጥቂት ነው። ለአዲስ አበባ ባለሥልጣን ልጅ ምንም አይደለም። ለሳይንት ገበሬ ልጅ ግን በር መዝጋት ነው። እናቴ ጓዳ ያሉት ልጆች ይሄን ሲሰሙ ማንም መቀስቀስ አላስፈለጋቸውም።

የየጁ ሰው፦

እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ብዙ ተማርኩ። ግን ከዚያም በፊት ያለውን አትርሱት። ወሎ ከሰገሌ ጦርነት ጀምሮ የተገፋ አገር ነው። ጥቅምት 17, 1909 የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ተሸንፈው ተማረኩ፤ ልጃቸው ልጅ ኢያሱ ከወር በፊት ከዙፋን ተሽረው ነበር። ከዚያ ወዲህ ጠቅላይ ግዛቱ ለብዙ ዓመት በአልጋ ወራሹ ስም ነው የተዳደረው። አያቶቻችን ይሄን ሲያወሩ ነው ያደግነው። ተማሪው ያንን ቂም ነው የወረሰው ባይ ነኝ።

ከቡራዩ፦

እትዬ፣ የጻፉት ልብ ይነካል። የቀረውንም ግን ይንገሯት። አባቴ ኮምቦልቻ ነጋዴ ነበር። ለፍቶ ሁለት ቤት ሠርቶ ያከራይ ነበር። ሐምሌ 19, 1967 ትርፍ ቤት የመንግሥት ይሁን ተብሎ ሲታወጅ ተወሰደበት። ዘራፊ አልነበረም፣ ባላባትም አልነበረም። በ1970 ደግሞ ታላቅ ወንድሜን ማታ ሰዎች መጥተው ወሰዱት። አሥረኛ ክፍል ነበር። እናቴ ነጠላዋን ሳታወልቅ በር ላይ ስትጠብቀው አነጋች፤ አልተመለሰም። ሬሳውንም አላገኘንም። ለልጅቷ «ተማሪዎች ታገሉ፣ መንግሥት ወደቀ» ብለን ብቻ ከተውናት አልነገርናትም ማለት ነው።

የሆጤ ልጅ፦

የቡራዩው ወንድሜ፣ ነፍስ ይማር። እውነትህን ነው፤ ይጻፍ።

ከእናቴ ጓዳ አራት ልጆች ከ1970 በኋላ በሕይወት የቀረው አንድ ነው። ሁለቱ ኢሕአፓ ሆኑ፣ አንዱ ደግሞ ተቀናቃኙ ድርጅት መኢሶን። በአንድ ፍራሽ የተኙ፣ ከአንድ ቋጠሮ በሶ የበጠበጡ ልጆች በ1969 መንገድ ላይ ሲተያዩ ፊት ይዟዟሩ ጀመር። ሦስቱም አልፈዋል፤ በተለያየ እጅ ይሁን በአንድ እጅ ዛሬም አላውቅም። የራያው ልጅ እናት ደሴ ድረስ መጥታ ልብሱን ከእናቴ እጅ ወስዳ ሄደች። የቀረችው አንዲት ሸሚዝ ነበረች፣ ክርኗ ላይ የተጣፈች። እናቴ ከዚያ ወዲያ ጓዳውን አላከራየችም።

ይሄን ሁሉ አይቼም ያሉት ነገር ሐሰት ነበር አልልም። ሰው እየሞተ እህል ለምን ይወጣል ብለው ጠየቁ። መሬት ላራሹ አሉ። የካቲት 25, 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ እኔ ለእድገት በኅብረት ዘመቻ አርሲ ነበርኩ። አዋጁን በሬዲዮ የሰሙ አንድ ጭሰኛ ሽማግሌ የቆሙበትን አፈር በእጃቸው ዘግነው ለልጃቸው ሰጡት። ያንን ቀን ማንም ከእኔ አይወስደውም። ከዚያ በኋላ ጠመንጃ የያዘው ሰው የሠራውን ደግሞ የሠራው እሱ ነው፤ ጥያቄውን የጠየቀው ልጅ ላይ አይለጠፍም። ቀይ ሽብርን ያዘዙትም በስማቸው ተከሰዋል፣ በ1999 በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ ተብለዋል። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በሌለበት ነው የተፈረደበት፤ ይሄ ያንገበግበኛል።

የየጁ ሰው፣ ሰገሌን አከብራለሁ። ደሴ ያለውን የንጉሥ ሚካኤልን አይጠየፍ አዳራሽ እያየሁ ነው ያደግሁት። ግን ጓዳችን ውስጥ ስለ ልጅ ኢያሱ ሲወራ ሰምቼ አላውቅም። ልጆቹ ገና ሃያ ያልሞላቸው ናቸው። የሚያወሩት ስለ ስንቃቸው ነው፣ ስለ ታናናሽ እህቶቻቸው ነው። ከቤቱ የሚመጣው በሶ የቀረበት ልጅ ከስልሳ ዓመት በፊት ማን ማንን ማረከ ብሎ አይነሳም።

የለገጣፎው ሹፌር፦

ምን ብዬ ላመስግንዎት። ለልጄ አንድ በአንድ አነበብኩላት። የወንድሜን የቡራዩውንም አነበብኩላት፣ እሱ ላይ ስትደርስ አለቀሰች። ነገ ወደ ኮምቦልቻ ስለምወጣ ሐረጎ ላይ ስደርስ የጻፉትን ማሰቤ አይቀርም።

አንድ ጥያቄ አለኝ ብላለች፣ እኔም አልመለስኩላትም። «ሴቶቹስ? ወረቀት ከማሳለፍ ሌላ ስማቸው የተጻፈ አለ ወይ?» ትላለች።

የሆጤ ልጅ፦

ጎበዝ ልጅ ናት፤ በእኔ ጊዜ ይሄን የሚጠይቅ ወንድ አልነበረም።

አለ በላት። ከዋለልኝ ጋር ኅዳር 29, 1965 እዚያው አውሮፕላን ውስጥ የሞተችው ማርታ መብራቱ የሕክምና ተማሪ ነበረች። ከጠላፊዎቹ በሕይወት የተረፈችውም ሴት ናት። በደሴ ግን ከክፍላችን ሴቶቹ ጥቂት ነበርን። ብዙዎቹ ስምንተኛ ሳይደርሱ ይዳራሉ። እኔን ያተረፈችኝ እናቴ ናት፤ ከጓዳው ኪራይ ለእኔ ደብተር ትገዛ ነበር።

ለጽሑፏ ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ሂዱ፤ የዚያን ዘመን የተማሪዎች ጽሑፍ አለ። መስቀል አደባባይ በ2002 የተከፈተውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየምንም አሳያት። እዚያ ግን ብቻዋን አትላካት፣ አብረሃት ግባ። የእድራችሁን ሽማግሌ ደግሞ አደራ ቶሎ ጠይቋቸው። ረሃብተኛውን የት ቦታ አዩት? ማን አብልቷቸው ነበር? ወደ ከተማ ገቡ ወይስ ተመለሱ? ስልክህ ላይ ድምፃቸውን ቅዳው።

ከኮምቦልቻ ስትመለስ ቅዳሜ ከሰዓት እኔ ቤት ነኝ። የካ አባዶ ደርሰህ እዚሁ ጻፍልኝ፣ ብሎኩን እነግርሃለሁ። ልጅቷን ይዘህ ና። ቡና አፈላለሁ፣ የቡራዩው ወንድሜም ከፈለገ ይምጣ። ልጅቷ ደብተሯን ትያዝ።